ጥፋተኛውን የማይጠራ ማስጠንቀቂያ
በኮምፒዩተር መረብ ላይ ስለሚደርስ የአድራሻ ግጭት የቀረበ ሂስ

ሂስ ሲባል በብዙዎቻችን አእምሮ ቶሎ የሚመጣው በልብ ወለድ ድርሰት ወይም በግጥም ላይ የሚሰጥ አስተያየት ነው። እኛ በዚህ ሐተታ የምንመረምረው ጽሑፍ ግን ከጥቂት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም፤ የደራሲው ስም አልተጻፈበትም፤ አንባቢዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ሳይጨርሱት ይዘጉታል። ይኸውም በዊንዶውስ 7 በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ ብቅ የሚለው የአድራሻ ግጭት ማስጠንቀቂያ ነው። ቃሉ እንግሊዝኛ ሲሆን፥ በአማርኛ ቢነገር፤ ዊንዶውስ የአይፒ አድራሻ ግጭት ማግኘቱን፥ በዚህ መረብ ላይ ያለ ሌላ ኮምፒዩተር ከዚህኛው ጋራ አንድ ዐይነት አድራሻ መያዙን፥ ለመፍትሔውም የመረቡን አስተዳዳሪ መጠየቅ እንደሚገባ ያስታውቃል። ከሥሩም ዝርዝሩ በሲስተም መዝገብ ውስጥ ይገኛል የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ተጨምራለች። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነችው እርሷ ስለ ሆነች ወደ በኋላ እንመለስባታለን።

እንዲህ ላለ ጥቃቅን ነገር ገጽ ማጥፋት ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር እንደሚፈተኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ የዓመታት ድካም የሚመዘነው በአንድ ገመድና በአንድ ቁጥር በኩል አልፎ ነው ማለት ነው። ያ ቁጥር በተበላሸ ጊዜ የሚወቀሰው ማን ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣነው በመጽሐፍ አንብበነው ሳይሆን በዐይናችን አይተነው፥ በእጃችንም አድርገነው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በደብረ ታቦር ብርድ፥ ስሙን በማንጠቅሰው አንድ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ፥ ለመውጫ ፈተና መለማመጃ የሚሆን ፈተና ይሰጥ ነበር። በክፍሉ 40 ኮምፒዩተሮች አሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም በጠረጴዛቸው ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ አድራሻ በእጅ ተሰጥቷቸዋል። የ17ኛው 192.168.1.17፥ የ18ኛው 192.168.1.18 እያለ ይሄዳል። ፈተናው እኩል ሲደርስ መብራት ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ተፈታኞቹ ኮምፒዩተራቸውን እንደ ገና ከፈቱ፤ ሠላሳ ዘጠኙ ካቆሙበት ቀጠሉ። በ17ኛው ላይ ለነበረችው ተማሪ ግን ያ ማስጠንቀቂያ ብቅ አለባት። የክፍሉ ኀላፊ መጥተው ዘጉት፤ ገጹ ግን አልመጣም። ኮምፒዩተሩን አጥፍተው ቢያስነሡት ማስጠንቀቂያው ተመልሶ መጣ። «ምን ነካክተሽ ነው?» አሏት። ምንም እንዳልነካች ብትምልም የቀረው ጊዜ በክርክር አለቀ፤ ከዚያም በኋላ ያለ ፈቃድ ወደ ክፍሉ እንዳትገባ ተነገራት። እኛ ደግሞ መብራት በጠፋበት ግርግር ገብተን፥ ከኋላ ማእዘን ባዶ ገመድ አግኝተን ላፕቶፓችን ላይ ሰክተን፥ የቆዩ ፈተናዎችን ለመገልበጥ መብራቱን እንጠባበቅ ነበር። ሁሉንም አየን። አዘንንላት፤ መገልበጡንም ቀጠልን።

አድራሻ እንዴት እንደሚጋጭ ለመረዳት ከአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ፥ በደን ተከቦ ወደሚገኘው ወደ ጣራ ገዳም በሐሳብ እንውጣ። ለአንድ መነኩሴ መልእክት የያዘ ሰው ከገዳሙ በር ደረሰ እንበል። መልካቸውን አያውቅም፤ የሚያውቀው ስማቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ «አባ ገብረ ሚካኤል የሚባሉ ማን ናቸው?» ብሎ በግቢው ይጣራል። እኔ ነኝ ያሉት አባት መልእክቱን ይቀበላሉ። ኮምፒዩተሮችም በአንድ መረብ ውስጥ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ጥሪው ኤአርፒ ይባላል፤ ደንቡን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 የጻፈው ዴቪድ ፕላመር ነው። አይፒ አድራሻው እንደ ስም ነው፤ ሰው ያወጣዋል፥ ሰውም ይለውጠዋል። ከእርሱ ሌላ ግን እያንዳንዱ የመረብ ካርድ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ባለ 48 ቢት ቁጥር አለው፤ ማክ አድራሻ ይሉታል። የቁጥሩ የመጀመሪያ እኩሌታ ካርዱን የሠራውን ኩባንያ ያመለክታል። ይህ እንግዲህ የትውልድ አገሩ ነው።

በገዳሙ ሁለት አባ ገብረ ሚካኤል ቢኖሩስ? ሁለቱም አቤት ይላሉ። ሰዎች በመሆናቸው «የእብናቱ ወይስ የፋርጣው?» ተብሎ ነገሩ ባንድ ጊዜ ይለያል። ኮምፒዩተር ግን ይህን አይጠይቅም። ብዙውን ጊዜ መጨረሻ የሰማውን ድምፅ ይዞ መልእክቱን ለዚያኛው ይሰጣል፤ ጥቂት ቆይቶ የሌላውን ሲሰማ ደግሞ ለሌላው ይሰጣል። ስለዚህ አድራሻቸው የተጋጨ መሣሪያዎች ፈጽመው ላይቆሙ ይችላሉ፤ አንዴ ይሠራሉ፥ አንዴ ይቆማሉ። ገመዱ ነው፥ ቫይረስ ነው እየተባለ ቀኑ የሚባክነው በዚህ ምክንያት ነው። «ኔትዎርክ የለም» የሚለው ቃል በአገራችን ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነገር ሆኖአልና፥ ከዚያ አልፎ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው።

የስም መደጋገም ብቻውን ጥፋት አለመሆኑን ግን ማስታወስ ይገባል። የከተማችን ስም ራሱ ድግም ነው፤ ደብረ ታቦር ስሙን ያገኘው ከገሊላው ተራራ ነው። ቢሆንም ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ታቦር የተሳፈረ መንገደኛ ገሊላ ወርዶ አያውቅም፤ ሁለቱ ስሞች በአንድ ግቢ ስለማይጠሩ ነው። በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች እንደዚሁ ናቸው። የአይፒ አድራሻ ደንብ በ1981 ሲወጣ ቁጥሩ ባለ 32 ቢት ስለ ተደረገ፥ በዓለም ሁሉ ሊኖር የሚችለው አድራሻ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ሆነ። ይህ እንዳይበቃ ስለ ተፈራ በ1996 አርኤፍሲ 1918 የተባለው ደንብ ሦስት የቁጥር ክፍሎችን ለውስጥ መረብ ለየ፤ ማንም ሰው ሳያስፈቅድ በግቢው ይገለገልባቸዋል። በጎንደርም፥ በቶኪዮም 192.168.1.17 ሊኖር ይችላል፤ አይተዋወቁም፥ አይጋጩም።

አሁን ወደ ፈተናው ክፍል እንመለስ። ኮምፒዩተር አንድን ቁጥር ከመያዙ በፊት «ይህን ቁጥር የያዘ አለን?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በ2008 የወጣው አርኤፍሲ 5227 ይህን በዝርዝር ደንግጎታል፤ ጥያቄው ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፤ መልስ ከመጣ ጠያቂው ቁጥሩን ይተዋል። በጎ ደንብ ነው። ዳሩ ግን ቀድሞ የገባውን ባለቤት ከማድረግ በቀር ቁጥሩ በሥርዐት ለማን እንደ ተሰጠ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይችልም። በእኛ አገር ደግሞ ማን ቀድሞ እንደሚገባ ብዙ ጊዜ የሚወስነው መብራት ነው። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፖቹ ሁሉ ይጠፋሉ፤ ላፕቶፕ ግን በባትሪው ነቅቶ ይቆያል። መብራት ሲመለስ ገመዶቹ የሚገናኙበት ስዊች ቶሎ ይነሣል፤ ላፕቶፑም ወዲያው «17 እኔ ነኝ» ይላል። ዴስክቶፑ ተነሥቶ እስኪሰናዳ ድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲደርስም ቦታው ተይዟል። በ169.254 የሚጀምር ጊዜያዊ ቁጥር ለራሱ ሰጥቶ፥ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ይቀመጣል። ማስጠንቀቂያውም የሚወጣው በእርሱ ላይ ነው። ቦታውን የቀማው መሣሪያ ምንም አያይም።

የዚያን ቀን ቦታውን የቀማው ላፕቶፕ የእኛ ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት በዚያ ክፍል ለመሥራት ፈልገን ቁጥር የሚሰጠን ሰው ስላጣን፥ ከአንድ ጓደኛችን ኮምፒዩተር ላይ 192.168.1.17ን በፒንግ ጠራነው። አልመለሰም። ባለቤት የለውም ብለን ወሰድነው። ያን ዕለት 17ኛው ኮምፒዩተር ጠፍቶ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ቀና ብለን ብናይ ኖሮ በበቃን።

ይህን እንዴት እንዳወቅን ከመናገራችን በፊት ጽሑፉን እንተች። የመጀመሪያው ነቀፌታችን ስለ ተናጋሪውና ስለ አድማጩ ነው። ማስጠንቀቂያው የሚናገረው ለተጎጂው ሆኖ ሳለ፥ በተጎጂው መስኮት ላይ በመውጣቱ ብቻ ጥፋተኛ ያስመስለዋል። በክፍል ውስጥ ቀይ ምልክት የወጣበት ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠ ተማሪ፥ ያበላሸው እርሱ ነው ተብሎ ይታሰባል። ቃሉ «ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አላወቅሁም» ብሎ አንዲት ሐረግ ቢጨምር ምን ይጎድልበት ነበር?

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። ከላይ ያነሣናት የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ዝርዝሩ በመዝገብ አለ ትላለች። ወደዚያ መዝገብ ገብቶ በ4199 ቁጥር የተጻፈውን ያነበበ ሰው፥ የተጋጨው አይፒ አድራሻ የትኛው እንደ ሆነ፥ ከዚያም በላይ የሌላኛው መሣሪያ ማክ አድራሻ ምን እንደ ሆነ ተጽፎ ያገኛል። እንግዲህ ማሽኑ ያውቃል! ምስክሩን ሰምቷል፥ ቃሉንም ጽፏል፤ ወረቀቱን ግን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ለተበዳዩ «አንድ ሌላ ኮምፒዩተር ነው» ይለዋል። አንድ መስመር ቢጨመርበት ነገሩን የሚፈታውን ማስረጃ ትቶ፥ ምንም የማይፈታውን ወሬ ፊት ለፊት አወጣ። ጽሑፍ በአጭሩ መጻፉ ግሩም ነው፤ ለማሳጠር ሲባል የሚቆረጠው ግን ዋናው ቁም ነገር መሆን አልነበረበትም።

አስተዳዳሪውን ጠይቅ የሚለው ምክር የተጻፈው በእያንዳንዱ ፎቅ ባለሙያ ለሚቀመጥበት አገር ይመስላል። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን የመረብ አስተዳዳሪ የሚባለው ሰው ከማስተማሩ ሌላ ሥራው የተጨመረበት መምህር ነው። ስለ እንግሊዝኛነቱ ግን እንደሌሎች አንጮኽም። በኮምፒዩተር የሚፈተን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሦስት ዐረፍተ ነገር አንብቦ መረዳት አያቅተውም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ፈቃዱ ያለቀበት ፕሮግራም፥ ይታደስ የሚል ጸረ ቫይረስ፥ ምንም የማይጎዳ ማስታወቂያ ሁሉ በዚያው መስኮት፥ በዚያው ማእዘን ስለሚወጣ፥ እጃችን ከዐይናችን ቀድሞ መዝጋትን ለምዷል።

ደራሲዎቹን ስንነቅፍ ግን ሚዛናችንን መጠበቅ አለብን። ማክ አድራሻ ረጅም ቁጥር ነው፤ ላልለመደው ሰው ከማስረዳት ይልቅ ያስደነግጣል። ደግሞም እንደ ድሮው ታማኝ ምስክር አይደለም። ከ2019ኙ አንድሮይድ 10ና ከ2020ው አይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ወደ ዋይፋይ ሲገቡ ከፋብሪካ የያዙትን ቁጥር ሸሽገው የፈጠራ ቁጥር ማሳየት ጀምረዋል። ይህ የባለቤቱን ምስጢር ለመጠበቅ የተደረገ ነውና አንቃወመውም፤ ጥፋተኛው ስልክ በሆነ ጊዜ ግን ፈላጊውን ያደክማል። በገመድ በተያያዘ ክፍል ውስጥ ያ ቁጥር ዛሬም ጥሩ ምስክር ነው።

ሦስተኛው ሂሳችን በጽሑፉ ላይ ሳይሆን በአንባቢዎቹ ላይ፥ ማለት በራሳችን ላይ ነው። በማግሥቱ የክፍሉ ኀላፊ ያገኙት መድኀኒት የታወቀው መድኀኒት ነበር። 17ን ወደ 70 ለወጡት። ኮምፒዩተሩ ሠራ፤ ሁሉም ደስ አለው። ከሦስት ቀን በኋላ የፈተና ወረቀት የሚያትመው ፕሪንተር አንዴ ሲያትም አንዴ ሲተው ሰነበተ። ቀለሙ ተለወጠ፥ ገመዱ ተለወጠ፤ ፕሪንተሩም «አርጅቷል» ተባለ። አድራሻው 192.168.1.70 ነበር። ያ ፕሪንተር ማስጠንቀቂያ የሚያወጣበት መስኮት የለውም። ቁጥርን በግምት መለወጥ ግጭቱን ያጠፋዋል ማለት አይደለም፤ መናገር ወደሚችል ወይም ወደማይችል ሌላ ጎረቤት ሊያዛውረው ይችላል። ለመቶ ሰው እንኳ አድራሻ የማይጎድልበት መረብ ነበር፤ በዚያ ክፍል ዐይነት መረብ ውስጥ ለመሣሪያ ሊሰጡ የሚችሉ ቁጥሮች 254 ናቸው። የጎደለው የተሰጠውንና ያልተሰጠውን የሚለይ ወረቀት ነው።

ታዲያ ጥፋተኛው እንዴት ይገኛል? እኛ ያደረግነውን እንናገር። መጀመሪያ የተከሰሰውን ኮምፒዩተር ገመድ መንቀል ነው። ከዚያ ከጎረቤት ኮምፒዩተር ላይ ቁጥሩን በፒንግ መጥራት፤ ገመዱ ተነቅሎም መልስ ከመጣ ሌላው በሕይወት አለ። መልስ ባይመጣም ተስፋ መቁረጥ አይገባም። የዊንዶውስ ፋየርዎል ፒንግን ሊከለክል ይችላል፤ የኤአርፒን ጥሪ ግን አይከለክልም፤ አለዚያ መሣሪያው ከመረቡ ጋራ መነጋገር አይችልም ነበር። ስለዚህ ፒንግ ዝም ቢልም በዚያው ኮምፒዩተር የኤአርፒ ሠንጠረዥ ውስጥ የሌላው ማክ አድራሻ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማዛመድ ነው። የስዊቹ ዐይነት ትእዛዝ የሚቀበል ከሆነ ቁጥሩ በየትኛው ቀዳዳ እንደ ገባ ይናገራል። ካልሆነ ደግሞ ፒንጉን ሳያቋርጡ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ መልሱ የሚቆምበትን ማየት ነው፤ ፈተና በሚሰጥበት ሰዓት ግን ይህን አያድርጉ።

እኛ የጀመርነው ከ17ኛው ኮምፒዩተር መዝገብ ነው። ከዚያ ያገኘነውን ቁጥር ይዘን፥ በአይፒኮንፊግ ትእዛዝ የ40ውን ሁሉ ማክ አድራሻ እየጻፍን ስናመሳክር አንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ። አንዱም አልገጠመም። ሊመሽ ሲል ከመካከላችን አንዱ ለጨዋታ ያህል የራሳችንን ላፕቶፕ አየ። ገጠመ። ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። በማግሥቱ ለኀላፊውም፥ ለተማሪዋም ነገርናቸው፤ ፈቃድ ጠይቂ የሚለው ትእዛዝ ተነሣላት። ያ የጠፋባት ሰዓት ግን አልተመለሰም፤ እርሷም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን፤ «ስትሰኩት ምንም አላላችሁም?» አለች። አላለንም።

ከላፕቶፕ ሌላ ምክንያቶች እንዳሉ በአጭሩ እናመልክት። አንድ ኮምፒዩተር ተሰናድቶ የዲስኩ ቅጂ ወደ ሌሎቹ ሲገለበጥ፥ በእጅ የተሰጠው አድራሻም አብሮ ይገለበጣል፤ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ስም ይነሣል። ለቤት የሚሸጥ ትንሽ ራውተር ዋይፋይ ለማግኘት ሲሰካም እርሱ ራሱ ቁጥር ማደል ይጀምራል። ዲኤችሲፒ የሚባለው ቁጥር የማደል ሥርዐት በ1997 በአርኤፍሲ 2131 የተደነገገ ጥሩ መጋቢ ነው፤ በአንድ ግቢ ሁለት መጋቢዎች ሳይስማሙ ሲያድሉ ግን የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ርካሽ ራውተሮችም ያደሉትን ዝርዝር መብራት ሲሄድ ሊረሱት ይችላሉ።

የነቀፈ ሰው የተሻለ ማሳየት አለበት ተብሎ መምህሮቻችን ስለሚያስተምሩን፥ ማስጠንቀቂያው እንዲህ ቢጻፍ እንላለን። «ለዚህ ኮምፒዩተር የተሰጠው ቁጥር 192.168.1.17 አሁን በሌላ መሣሪያ ተይዟል። የዚያ መሣሪያ የፋብሪካ ቁጥር ከዚህ በታች ያለው ነው። ከሁለቱ ቁጥሩ የሚገባው ለየትኛው እንደ ሆነ ይህ ኮምፒዩተር አያውቅም። ቁጥሩን ከመለወጥህ በፊት የክፍሉን ዝርዝር ተመልከት።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ዝርዝር መኖሩን አስቀድሞ የሚያምን ነው።

ስለዚህም ዝርዝሩን ጻፍነው። ከ1 እስከ 60 ያሉት ቁጥሮች በእጅ ለሚሰጣቸው ኮምፒዩተሮች፥ ከ100 እስከ 200 ያሉት ለላፕቶፕና ለስልክ በራውተሩ የሚታደሉ፥ ፕሪንተሩም 250 እንዲሆን ከኀላፊው ጋራ ተስማማን፤ 17ም ወደ 17ኛው ኮምፒዩተር ተመለሰ። ወረቀቱ በክፍሉ በር በስተ ውስጥ ተለጥፏል፤ እርሳስም በክር ታስሮበታል። ከተመዘገቡት ውስጥ የሦስቱን ባለቤት እስካሁን አላገኘንም። ሁለቱ ለፒንግ መልስ የሚሰጡት አልፎ አልፎ ነው። ሦስተኛው 192.168.1.44 ሲሆን፥ የሚመልሰው ሌሊት ሌሊት ብቻ ነው። ባለቤቱን የሚያውቅ አንባቢ ቢኖር መጥቶ በወረቀቱ ላይ እንዲጽፍልን እንለምናለን።